የልምምድ ሳንባ፦ የመተንፈሻ መሣሪያ ፍተሻና ሥልጠና ታሪክ ከወናፍ እስከ አዳማ

ቬንቲሌተር የተባለው የማስተንፈሻ ማሽን ወደ ሕመምተኛ አልጋ ከመጠጋቱ በፊት በሌላ ሳንባ ላይ ተፈትኖ ማለፍ አለበት። ያ ሳንባ ከጎማና ከስፕሪንግ የተሠራ ነው፤ ደም የለውም፣ አይሳልም፣ ቢሳሳቱበትም አይሞትም። ማሽኑ በመስኮቱ ላይ «500 ሚሊ ሊትር አየር ሰጥቻለሁ» ብሎ ሲያሳይ እውነቱን መሆኑን የሚመሰክረው እሱ ነው። በሙያችን «ቴስት ላንግ» እንለዋለን። ወንድሙ ደግሞ ነርሶችና አዋላጆች የሚለማመዱበት፣ አየር ሲገባለት ደረቱ ከፍ የሚለው የሰው አምሳያ፣ ማኒኪን፣ ነው። ሁለቱም የተፈጠሩት ለአንድ ዓላማ ነው፤ ስህተት የሚሠራ ከሆነ በእነሱ ላይ ተሠርቶ እንዲያልቅ፣ ሰው ዘንድ እንዳይደርስ።

እኔ የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ነኝ። ወንጂ ተወልጄ አዳማ አደግሁ። ሥራዬም ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከአሰላ እስከ መተሐራ ባሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የመተንፈሻ መሣሪያ መጠገንና መፈተሽ ነው። ይህን ታሪክ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዚህ ሁሉ ጊዜ የታዘብኩት አንድ ነገር ነው። በአገራችን ስለ መተንፈሻ መሣሪያ ሲወራ ሁልጊዜ የሚቆጠረው የማሽን ብዛት ነው። ስንት ተገዛ፣ ስንት በእርዳታ መጣ፣ ለየትኛው ሆስፒታል ስንት ደረሰ ይባላል። ነፍስ የሚያድነው ግን የተፈተሸ ማሽንና እጁ የለመደ ባለሙያ ነው። ያለፉት 500 ዓመታት የሕክምና ታሪክም ይህንኑ ይናገራል።

ከወናፍ የተጀመረው

ሰው ለሰው እስትንፋስ ለመስጠት በመሣሪያ መሞከር ሲጀምር እጁ ላይ የነበረው ወናፍ ነው። በአዳማም ሆነ በማንኛውም የአገራችን ገበያ ዳር ቀጥቃጭ ፍሙን የሚያናፋበት ያው የቆዳ ወናፍ፣ በአውሮፓም የየቤቱ የእሳት ማናፊያ ነበር። ቬሳሊየስ የተባለው የሰውነት ክፍሎች ተመራማሪ በ1543 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ የእንስሳን የአየር ቧንቧ ከፍቶ በሸምበቆ አየር ቢነፋበት ሳንባው እንደሚነሣ፣ ልቡም እንደሚበረታ ጻፈ። በ1774 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ውኃ የበላውን ሰው ለማዳን የተቋቋመው ማኅበር ወናፍን ከነፍስ ማዳኛ ዕቃዎቹ እንደ አንዱ አድርጎ ተጠቀመበት።

ከዚያ አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም መጣ። ለርዋ ዴትዮል በ1820ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በእንስሳት ላይ ሞክሮ በወናፍ በኃይል የተነፋ አየር ሳንባን እንደሚቀድና እንደሚገድል አሳየ። ውጤቱ ሐኪሞቹን አስደነገጠ፤ ወናፉም ቀስ በቀስ ከነፍስ አድን ሥራ ወጣ። እኔ ግን ይህን ሰው የሙያችን አባት አድርጌ ነው የማየው። የሚሰጥ እስትንፋስ ሁሉ መጠን እንዳለው፣ መጠኑም ለሰው ከመሰጠቱ በፊት መለካት እንዳለበት በተግባር ያሳየ እሱ ነው። ዛሬ በቬንቲሌተር ላይ ያለው የከፍተኛ ግፊት ማስጠንቀቂያ ደወል የሚጮኸው እሱ ባሳየው አደጋ ምክንያት ነው።

ጭንብል ያልነበረው ሠራዊት

ኢትዮጵያውያን የመተንፈሻ መሣሪያን እጦት በግልጽ ያየነው በሆስፒታል ሳይሆን በጦር ሜዳ ነው። ኢጣሊያ በ1925 እ.ኤ.አ. የተደረገውን የጄኔቫ የመርዝ ጋዝ ክልከላ ፈርማ ሳለ፣ ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑም በደቡቡም ግንባር የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን አወረደች። የአውሮፓ ወታደሮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህን መከራ ቀምሰው ስለነበር የጋዝ ጭንብል የማንኛውም ወታደር ትጥቅ ሆኖ ነበር። ጭንብሉም ቢሆን ዝም ብሎ አይታደልም። ፊት ላይ በደንብ መግጠሙ፣ ፊልተሩ መርዙን መያዙ፣ ወታደሩም በትእዛዝ ቶሎ ማጥለቅ መቻሉ ይፈተናል፣ ልምምድ ይደረግበታል።

የእኛ አርበኛ ይህ ሁሉ አልነበረውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሴቶች ተሰባስበው ከጨርቅ ጭንብል እየሰፉ ወደ ግንባር ላኩ። ልባቸው ያመጣውን፣ እጃቸው የቻለውን ሁሉ አደረጉ። ያ ጋዝ ግን ሳንባን ብቻ ሳይሆን ቆዳንም የሚያቃጥል ነበር፤ ባዶ እግሩን በተመረዘ ሣር ላይ የሚሄድን ሰው የጨርቅ ጭንብል ሊያድነው አልቻለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ያሰሙት አቤቱታ ዋና ጉዳዩ ይህ ግፍ ነበር። ጭንብልም ሆነ ቬንቲሌተር ቀድሞ ያልተፈተነና ያልተለማመዱበት ከሆነ በመከራ ቀን እንደማይደርስ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ የለንም።

1,500 ተማሪዎች

ከነጻነት በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም.፣ አዳማ ላይ በሚሲዮናውያን እጅ ሆስፒታል ተመሠረተ። በሸዋው አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ሲጠራ ኖሮ ዛሬ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ሆኗል፤ የከተማው አዛውንቶች ግን አሁንም በድሮ ስሙ ይጠሩታል። አዳማ የባቡር ጣቢያ ከተማ ነበረች፤ በኋላም የጅቡቲው፣ የአሰላውና የአዲስ አበባው መንገድ የሚገናኝባት ሆነች። ይህ መንገድ ለከተማዋ እንጀራም መከራም ሆኖላታል። በከባድ መኪና ግጭት ጭንቅላቱ የተጎዳ፣ ደረቱ የተደቆሰ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው እስትንፋስ ነው።

በዚያን ዘመን እስትንፋስ በማሽን መስጠት በዓለምም ገና ለጋ ነበር። በ1928 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ ሾው የሠሩት «የብረት ሳንባ» ሕመምተኛውን ከአንገቱ በታች በትልቅ በርሜል ውስጥ አስገብቶ አየሩን በመሳብ ደረቱን የሚያነሣ ነበር። ውድና ግዙፍ ስለነበር ሀብታም ከተሞች እንኳ የሚበቃቸውን ያህል አልነበራቸውም።

ለውጡ የመጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ክረምት ከኮፐንሃገን ነው። የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ብሌግዳም የተባለውን ሆስፒታል አጥለቀለቀው። የመተንፈሻ ጡንቻቸው ከሰነፈባቸው ሕመምተኞች ከ10ሩ ከ8 በላይ ይሞቱ ነበር። ሆስፒታሉ የነበረው የብረት ሳንባ አንድ ብቻ ነው። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም በነሐሴ መጨረሻ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉሮሮ ላይ ቀዳዳ አስከፍቶ ቱቦ አስገባና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አየር ሰጣት። ልጅቷ ዳነች። ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ የሕክምና ተማሪዎችን ጠራ። 1,500 ያህል ተማሪዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ከረጢት ጨመቁ፤ ሥራቸው ሲደመር 165,000 ሰዓት ግድም ሆነ። የሟቹ ቁጥር በግማሽ ያህል ወረደ። የፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚባለው የዘመናችን ሕክምና የተወለደው እዚያ ነው።

ይህን ታሪክ ሳስተምር ወጣቶቹን የማስገነዝባቸው አንድ ነገር አለ። እነዚያ ተማሪዎች ያሸነፉት በማሽን አልነበረም፤ ማሽኑ የመጣው ኋላ ነው። ያሸነፉት አንድን ቀላል ነገር በትክክል መሥራት ተምረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጡ ስለሠሩት ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በዚያችው በዴንማርክ ሆልገር ሄሰና ሄኒንግ ሩበን ሲጨመቅ አየር የሚሰጥ፣ ሲለቀቅ በራሱ የሚነፋ ከረጢት ለገበያ አቀረቡ፤ ዛሬ በየድንገተኛ ክፍላችን «አምቡ ባግ» የምንለው ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ስለሆነ የኛ ፋብሪካና አምቡ ባግ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው።

እስካሁንም ከመተሐራ ወደ አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ግድም በሚሮጥ አምቡላንስ ውስጥ አንዲት ነርስ ተንበርክካ አምቡ የምትጨምቅበት ሌሊት ብዙ ነው። ያቺ ነርስ እጇ ከቸኮለና ኃይል ካበዛ፣ ለርዋ ዴትዮል ያየው አደጋ እዚያው መኪና ውስጥ ይደርሳል። በደቂቃ 10 ወይም 12 ጊዜ፣ ደረቱ ለዓይን እስኪነሣ ብቻ፤ ከዚያ መልቀቅ። ይህን በአፍ መናገር ቀላል ነው፤ እጅ እንዲያውቀው ግን ልምምድ ይጠይቃል።

ከአሻንጉሊት ሠሪው ቤት የወጣችው

ልምምዱ በምን ላይ ይሁን? ይህ ጥያቄ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሐኪሞቹን አስቸግሯቸው ነበር። ባልቲሞር ላይ ፒተር ሳፋር የአፍ ለአፍ እስትንፋስ ከሌሎቹ ዘዴዎች እንደሚሻል ያረጋገጠው ጡንቻቸውን በመድኃኒት አስንፎ ባስተኛቸው በጎ ፈቃደኞች ላይ ነው። ለምርምር ይህን ማድረግ ተቻለ፤ ለሺህ ተማሪ ማሠልጠኛ ግን ማንም ሰው ደረቱን አይሰጥም።

መልሱ ከኖርዌይዋ ስታቫንገር ከተማ ከአንድ አሻንጉሊት ፋብሪካ መጣ። ኦስሙንድ ላርዳል የልጆች መጫወቻ ሠሪ ነበር፤ ከለስላሳ ፕላስቲክ አሻንጉሊት ማውጣት ያውቅበታል። ቢዮርን ሊንድ የተባለው የሰመመን ሐኪም ሐሳቡን ሲያቀርብለት ላርዳል በሙሉ ልቡ ተቀበለው፤ የገዛ ልጁን በሕፃንነቱ ውኃ ሊበላው ሲል ያተረፈ አባት ነበርና። በ1960 እ.ኤ.አ. «አን» የተባለችው ማኒኪን ወጣች። መልኳ የተቀዳው ፓሪስ ውስጥ ከሴን ወንዝ ወጣች ተብሎ ከሚነገርላት ስሟ ካልታወቀ ወጣት የፊት ቅርጽ ነው። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ በትክክል ካልቀና አየር አይገባም፤ ከቀና ደረቷ ይነሣል። መምህሩ ሳይናገር ተማሪው መሳሳቱን ያውቃል፤ የማኒኪን ታላቅነቱ ይህ ነው።

ሳንባውን በቅርብ ስናየው

ማኒኪን የሰውን እጅ ሲያሠለጥን ቴስት ላንግ ማሽኑን ይፈትናል። አሠራሩ ተመልሶ ወደ ወናፉ ይወስደናል። ሚሺጋን ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው የታወቀ ዓይነት ሁለት ወናፎች አሉት፤ አንዱ የግራ ሳንባ፣ ሌላው የቀኝ። በላያቸው የተሰካውን ስፕሪንግ ወደ አንድ ጎን ሲስቡት ሳንባው ይደርቃል፣ ወደ ሌላው ሲመልሱት ይለሰልሳል። በቱቦው ውስጥ ቀዳዳው የጠበበ ቁራጭ ሲገባ የአስም ሕመምተኛን ቧንቧ ይመስላል። በዚህ መንገድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጤነኛ ሰው፣ የሳንባ ምች የጠናበት ሰውና አስም ያፈነው ሰው በተራ ይሠራሉ። ፒትስበርግ ያለው ኢንግማር ሜዲካል የሚሠራው ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ፒስተን ያለው ሲሆን በራሱ አየር እየሳበ ማሽኑ የሕመምተኛውን ፍላጎት ተከትሎ መሄድ አለመሄዱን ይፈትናል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚሸከሙት የአየር መሣሪያና የኢንዱስትሪ ጭንብልም በሌላው ዓለም የሚፈተነው በዚሁ ዓይነት በሚተነፍስ ማሽን ነው።

እኛ ጋ ውዱ ዓይነት በየሆስፒታሉ አይገኝም። ትንሿ የጎማ ከረጢት ካለች በእሷ፣ እሷም ከሌለች በእጅ ጓንት እንሠራለን። ጓንቱን ከቱቦው አፍ ላይ በፕላስተር ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ ማሽኑ ሲበራ አምስቱ ጣቶች ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። ጓንት መጠን አይነግርም፤ ግን ማሽኑ መተንፈሱን፣ ቱቦው አለመፍሰሱን ያሳያል። ከዚያ ደወሎቹን አንድ በአንድ እናስጮኻለን። ጓንቱን በእጅ ጭብጥ ሲያደርጉት የከፍተኛ ግፊት ደወል መጮህ አለበት። ከቱቦው ሲነቅሉት የመለያየት ደወል መጮህ አለበት። ሶኬቱን ሲነቅሉ ማሽኑ ሳይቆም ወደ ባትሪ መዞርና መጮህ አለበት። ያልጮኸ ማሽን ወደ ክፍል አይመለስም። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው የአየር መጠን፣ የትንፋሹ ቁጥር፣ በትንፋሽ መጨረሻ ሳንባ ውስጥ የሚቀረው ግፊትና የኦክስጅኑ በመቶኛ በመለኪያ ይነበባል፤ ማሽኑ ከሚለው ጋር ይነጻጸራል።

ለስምጥ ሸለቆ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ ከፍታው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ናት። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ትገኛለች። መተሐራ 950 ሜትር ግድም ናት። በባሕር ዳርቻ 760 የሆነው የአየር ግፊት አዳማ ላይ ወደ 625፣ አሰላ ላይ ወደ 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። የአየሩ 21 በመቶ በሁሉም ቦታ ኦክስጅን ነው፤ ሳንባ ውስጥ የሚገባው ኦክስጅን ግን ግፊቱ ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። የማሽኑ ሴንሰርም በአንድ ከፍታ ላይ ተስተካክሎ ወደ ሌላ ሲወሰድ ቁጥሩ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ተፈትሾ ያለፈ ማሽን መተሐራ ሲደርስ እንደገና ይፈተሻል፤ ከመተሐራ ወደ አሰላ ከተዛወረም እንደገና።

ኦክስጅን የሚያወጣው ማሽን፣ ኮንሰንትሬተርም፣ እንደዚሁ መፈተሽ አለበት። ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን በዚዮላይት ጠጠር አስቀርቶ ወደ 93 በመቶ የሚጠጋ ኦክስጅን ያወጣል። የባቱና የመቂ አቧራ ፊልተሩን ሲደፍነው፣ እርጥበት ጠጠሩን ሲያበላሸው ግን ማሽኑ እንደ ወትሮው እየጮኸ፣ የፍሰት መለኪያው ኳስም በመስታወቱ ውስጥ 5 ሊትር ላይ ቆማ፣ የሚወጣው ተራ አየር ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይንም በጆሮም ማወቅ አይቻልም። የሚለየው በእጅ የምትያዘው የኦክስጅን መለኪያ ብቻ ናት።

አንድ ደቂቃ

በአገራችን ልምምድ ነፍስ ማዳኑ ጎልቶ የሚታየው በወሊድ ክፍል ነው። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከ100 ወደ 5 ብቻ ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. 10፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ግማሽ ደረሱ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሱ፣ የእናቶች ማቆያው ሁሉ የድርሻቸውን አደረጉ። እናቲቱ ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ግን ኃላፊነቱም አብሯት ይመጣል፤ ሳይተነፍስ የተወለደውን ሕፃን ማስተንፈስ አሁን የአዋላጇ ሥራ ሆነ። በተወለደ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞተው ሕፃን ከ1,000 ሕያው ውልደት በ1997 ዓ.ም. 39፣ በ2008 ዓ.ም. 29 ነበር። የወረደ ነው፤ ገና ብዙ ይቀረዋል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር «ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት» የተባለውን ሥልጠና ለዓለም አስተዋወቀ። ለዚህም የላርዳል ድርጅት ርካሽ የሆነች የሕፃን ማኒኪን ሠራ። ለብ ያለ ውኃ ሲሞላባት እንደ እውነተኛ ሕፃን ትከብዳለች፣ አንገቷም ይንጠለጠላል። አሠልጣኙ በትንንሽ ከረጢቶች ደረቷን ያንቀሳቅሳል፣ የእትብቷን ምት ይመታል፤ ሲፈልግም ዝም ያሰኛታል። ትምህርቱ የሚያጠነጥነው በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ላይ ነው። ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ጀርባውን ማሸት፤ ካልተነፈሰ ደቂቃዋ ሳታልፍ በከረጢት አየር መስጠት። እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ፣ መቀመጫውን መምታት፣ ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት፣ በየቤቱም በየክሊኒኩም ስንት ዘመን የኖረው ሁሉ፣ በዚህ ትምህርት ቦታ የለውም።

ባቱ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲሰጥ መሣሪያዎቹን ለማዘጋጀት ተገኝቼ ነበር። አንዲት ወጣት አዋላጅ ጭንብሉን በማኒኪኗ ፊት ላይ በሁለት እጇ ተጭናለች፤ ደረቱ አልነሣ አለ። በሙያው የሸበቱት ሲስተር ከጎኗ ተንበርክከው «እሙዬ፣ ጭንብሉን ወደ ፊቱ አትጫኚ፤ አገጩን ወደ ጭንብሉ አምጪው» አሏት። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጭንብሉን ያዘች፣ በቀሩት ሦስት ጣቶች አገጩን ወደ ላይ ሳበች፤ በሌላው እጇ ከረጢቱን ጨመቀች። ደረቱ ተነሣ። «አሁንም ቀስ በይ» አሉ ሲስተር፤ «የሦስት ኪሎ ልጅ ነው እኮ!» አንድ ትንፋሹ 15 ሚሊ ሊትር ግድም ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ልጅቷ እጇ ራሱ እስኪያውቀው ድረስ ደጋገመችው። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያየው ይህንን ነበር፤ በአንድ ዓመት የክፍል ትምህርት ያልገባው በአንድ ከሰዓት በኋላ እጅ ውስጥ ገባ።

ሆኖም አንድ ከሰዓት ብቻውን አይበቃም። ይህን የሚያስረዳው ማስረጃ የመጣው ሩቅ ካልሆነ ቦታ፣ ስምጥ ሸለቆው ከሚያልፍበት ከሰሜን ታንዛኒያ ነው። ሃይዶም በተባለ የገጠር ሆስፒታል አዋላጆች የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። በማኒኪን ላይ ሲፈተኑ ጎበዙ፤ በወሊድ ክፍል ግን ሥራቸው እንደ በፊቱ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ማኒኪኗ ከማሠልጠኛ አዳራሽ ወጥታ ወሊድ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጠችና በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ መለማመድ ልማድ ሆነ። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ከ11 ወደ 7 ግድም ወረዱ። ማኒኪኗ ያው ናት፣ አዋላጆቹም ያው ናቸው፤ የተለወጠው የምትቀመጥበት ቦታና የልምምዱ ድግግሞሽ ነው።

የ2012ቱ ፈተና

የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መኖሩ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ቬንቲሌተር የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጠራው ጀመር። በእርዳታም በግዢም ማሽኖች መጡ። ወጣት የፈጠራ ሰዎች አምቡ ባግ የሚጨምቅ ማሽን ለመሥራት ሌት ተቀን ደከሙ። ያንን ትጋት ሳስበው እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ማሽኖቹ ሲደርሱ ግን የታሪኩ ሌላ ገጽ ተገለጠ። በአንድ ከተማ ካርቶኑን ስንከፍት መመሪያው እኛ በማናነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። የአንዳንዱ ሶኬት ከግድግዳችን ጋር አይገጥምም። ብዙዎቹ ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ከግድግዳ ቧንቧ ወይም ከሲሊንደር የሚፈልጉ ናቸው፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ደግሞ ኮንሰንትሬተር ብቻ ነው፣ የእሱ ግፊት አያስነሣቸውም። ከማሽኖቹ ጋር ቴስት ላንግ የመጣላቸው ጥቂቶች ነበሩ። ይህ ለኛ ብቻ የተለየ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ16 ድሃ አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን የቆጠራ መዝገብ መርምረው 38 በመቶው ከአገልግሎት ውጪ ሆኖ አግኝተውታል።

ደግነቱ ከዜሮ አልጀመርንም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 እ.ኤ.አ. ለሕክምና ኦክስጅንና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትር መስፋፋት አገራዊ ፍኖተ ካርታ አውጥቶ ነበር፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባዮሜዲካል መሐንዲሶችን፣ ተግባረ ዕድም ቴክኒሻኖችን ያፈራሉ። በዚያ የጭንቅ ወቅት በየክፍሉ ጓንት አስረው ማሽን ሲፈትሹ ያደሩት የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆች ናቸው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። የመተንፈሻ መሣሪያ ታሪክም ይህንኑ ነው የሚያስተምረው። የወናፍ አየር ገዳይ የሆነው መጠኑ ስላልተለካ ነው። አርበኛው ለመርዙ የተጋለጠው የተፈተነ ጭንብልና መከላከያ ስላልነበረው ነው። ኮፐንሃገን የዳነችው እጅ ስለሠለጠነ ነው። የሃይዶም ሕፃናት የዳኑት ልምምዱ በየሳምንቱ ስለተደገመ ነው።

ስለዚህ የምለው ግልጽ ነው። ለአዳማም፣ ለአሰላም፣ ለሻሸመኔም፣ ለመተሐራም ቬንቲሌተር የሚገዛ ወይም የሚለግስ ሁሉ በዚያው ሰነድ ላይ ቴስት ላንግና የኦክስጅን መለኪያ አብሮ ይጻፍ፤ ዋጋቸው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች የሕፃን ማኒኪን ከተቆለፈ መጋዘን አውጥታችሁ አዋላጆች እጃቸውን ከሚታጠቡበት አጠገብ አስቀምጡ፤ ለልምምዱም በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ፍቀዱ። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ማሽኑ በተዛወረ ቁጥር፣ ከፍታው በተለወጠ ቁጥር እንደገና ፈትሹ፤ ቀኑንና ስማችሁን ማሽኑ ላይ ለጥፉ። አንባቢዬ ሆይ፣ ዘመድህ በማሽን እየተነፈሰ ከሆነም ባለሙያውን በአክብሮት ጠይቅ፦ «ይህ መሣሪያ መቼ ተፈተሸ?» መብትህ ነው፤ ጥሩ ባለሙያም በጥያቄው ይደሰታል እንጂ አይቆጣም።